የልጄን ራስ ማሽተት ያቃተኝ ጊዜ

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንዲት አይጥ ሞታ ሦስት ቀን ቆይታ ነበር። የድሬዳዋ ግንቦት ነው፤ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከማገላበጥ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ምሳቸውን እየያዙ ውጭ ዛፍ ሥር መብላት ጀመሩ። እኔ ነፋስ ፍለጋ የወጡ መስሎኝ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ባለችው ወንበሬ ላይ በሰላም እበላ ነበር። በሦስተኛው ቀን የታሪክ መምህሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በር ላይ ቆመ።

"አቦ፣ አንቺ እንዴት ነው እዚህ ቁጭ ብለሽ የምትበዪው?"

"ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትላለች እንዴ! ቤቱ እኮ ገማ!"

ማንኪያዬን አስቀምጬ አየሩን በአፍንጫዬ ሳብኩት። ምንም የለም። የሽሮዬን ሳህን አንስቼ አፍንጫዬ ሥር አደረግኩት። እሱም ምንም የለውም። ትኩስ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ታምሜ ነበር። ሰው ሁሉ ማስክ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። ትኩሳቱና ሳሉ በሳምንት ለቀቁኝ፤ ምግብ አልጣፍጥ ያለኝ ግን ከሕመሙ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሐኪም ዘንድ ስሄድ አፍንጫዬን በመብራት አይቶ፣ "ይመለሳል፣ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከዚያው ሎሚና ቅርንፉድ በቀን ሁለቴ አሽቺ" አለኝ። ለጥቂት ሳምንታት አሸተትኩ። አልተመለሰም፤ እኔም ተውኩት።

የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። በየዓመቱ አንጎል ላይ ስደርስ አሚግዳላ ስለምትባለው ትንሽ ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አወራለሁ። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ቅርጿን አይተው ለውዝ አሏት። እኔ ለውዝ ስል ተማሪዎቼ የሚታያቸው የባቢሌው ኦቾሎኒ ነው፤ የተባለው ሌላ ፍሬ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ፣ መጠኑ ብዙም አይራራቅም። ዐይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ነገር ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በሌላ ጣቢያ በኩል ያልፋል እላቸዋለሁ። ሽታ ግን በአቋራጭ ነው የሚገባው። የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ሁሉ፣ ዓሣም እንቁራሪትም እባብም ፍየልም፣ የዚህች ክፍል አምሳያ አለው። አየር ላይ ወይም ውሃ ውስጥ የሚመጣውን ኬሚካል ትቀበልና የኔ ነው፣ ጠላት ነው፣ የሚበላ ነው ብላ ትለየዋለች። ከዚያም ደስታ ከሚሰጡት የአንጎል ክፍሎች ጋር ታገናኘዋለች። እንስሳው ይቀርባል ወይም ይሸሻል። ምሳሌ ስፈልግ አውራ ፍየልን አነሳለሁ፤ የሴቷን ሽንት አሽትቶ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ እንደሚስቅ ሰው ሲቆም ድሬዳዋ ውስጥ ያላየ ልጅ የለም። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ያን ጊዜ እኔም እስቅ ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ አረገዝኩ። እርግዝናው አልከበደኝም። ሌላዋን ሴት የሽንኩርት ቁሌት ያስመልሳታል፤ እኔ ለቁሌት ግድ አልነበረኝም። ባሌ የጉምሩክ ትራንዚተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ይዞ ከመጋዘን መጋዘን ሲዞር ይውላል። ላቡን ታጥቦ ሳይጨርስ፣ "ሸተትኩሽ እንዴ?" ይለኛል። "ኧረ ምንም" እለዋለሁ። እውነቴን ነበር። ማሽተት እንዳቆምኩ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሁለታችንም እንደ ቀላል ነገር ይዘነው ነበር፣ አንድ ጥርሱን እንዳወለቀ ሰው።

ልጄ ከሰዓት በኋላ ተወለደች። አዋላጇ አንስታ ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት። እርጥብ ነች፣ ትሞቃለች፣ ካሰብኩት በላይ ትከብዳለች። ጣቶቿን ቆጠርኩ። ትንፋሿን አዳመጥኩ። "ጥሩ" አልኩ በልቤ፣ የአንድ ክፍል ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ ያህል። ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ጠበቅኩ። እናቴም መጻሕፍቱም ይመጣል ያሉኝ ነገር ነበር። አልመጣም።

በእኛ ከተማ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሕፃኑን ብድግ አድርጎ አናቱን ማሽተት ነው። ጎረቤታችን ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ሴት ናት። ልጄን ተቀብላኝ ዐይኗን ጨፈነች፣ ረጅም አየር ሳበች።

"ወላሂ፣ የጀነት ሽታ!" አለች። "አቦ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ እንዴት ትጠግቢያታለሽ?"

"አልጠግባትም" አልኳት።

የመጣው ሁሉ እንዲህ አደረገ፣ እኔም ለሁሉም እንዲህ መለስኩ። ሰው ሲወጣ ልጄን አንስቼ እንደነሱ አፍንጫዬን አናቷ ላይ እጭናለሁ። ፀጉሯ ይኮሰኩሰኛል። ያ ብቻ ነው።

አልጠላኋትም። ይህ ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስታለቅስ እነሳለሁ፣ አጠባታለሁ፣ አገሳታለሁ፣ አጥባታለሁ። አንዱንም እንዳልረሳ የምትጠባበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ልታርሰኝ ከባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ከለገሃሬ የመጣችው እናቴ ወረቀቱን አየችና፣ "ይኼ ደግሞ ምንድነው? የባቡር መነሻ ሰዓት ነው?" አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ለአፍታ ፊቴን አየችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

የሚሰማኝ ነገር የሌላ ሰው ልጅ በአደራ የተቀበልኩ ያህል ነበር። እናቷ እስክትመጣ በደንብ እይዛታለሁ፣ ስትመጣ አስረክባታለሁ። እንዲህ ያለው ነገር አፍንጫዋ ጤነኛ የሆነ እናትም ላይ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ድካምም ያመጣዋል፣ ያለምክንያትም ይመጣል። እኔ ግን ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ልጄ በር ላይ ቆማ ታንኳኳለች፣ ውስጥ ያለችው ለውዝ አልሰማችም። ለማንም አልተናገርኩም።

አርባ ቀኗ ሲያልፍ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ሐርላ ወሰድናት። ባሌን ያሳደገችው የአባቱ እህት እዚያ ትኖራለች። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኔም አዳዳ ነው የምላት። የኛ ከተማ ሰው አንቱታ አያበዛም፣ ስለዚህ በዕድሜ እናቴን ብትበልጥም አንቺ ነው የምንባባለው። ጥቂት ማሽላ ታበቅላለች፣ ፍየሎች አሏት። ባሌ አድርሶን ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔና ልጄ ለሳምንት ቀረን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ፍየሎች ተከታትለው ወለዱ። ቀይዋ አንድ ወለደች፤ ሞቶ ነው የወጣው። ጥቁሯ መንታ ወለደች። የመጀመሪያውን ስትልስ ሁለተኛው መሬት ላይ ወድቆ አልንቀሳቀስ አለ። አዳዳ አንስታ ቤት አስገባችው፣ በአሮጌ ጨርቅ አሽታ አሽታ አሞቀችው፣ እሳት አጠገብ አስተኛችው። ነፍስ ሲዘራ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። መልሳ ከእናቱ ጡት ሥር አስቀመጠችው። ጥቁሯ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ ቀና አለች፣ ከዚያ በቀንዷ ገፍታ ጣለችው። ተነስቶ እየተንገዳገደ መጣ። ደግማ ጣለችው።

"ራሷ ወልዳው የለም እንዴ?" አልኩ።

"ጨርቅ ይሸታላ" አለች አዳዳ። "ጭስ ይሸታላ። የሷ አይደለም።"

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ፍየል ስትወልድ አንጎሏ ለጥቂት ሰዓት ይከፈትና ፊቷ የተገኘውን ግልገል ሽታ ይመዘግባል፤ ከዚያ ይዘጋል። ያልተመዘገበው ባዕድ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ግልገሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ማየት ግን ሌላ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ቀይዋ ፍየል የሞተው ልጇ የወደቀበትን መሬት እየላሰች ትዞር ነበር። አዳዳ ቢላ አመጣች፣ ቢስሚላህ አለች፣ የሞተውን ግልገል ጥላ ሥር ወስዳ መግፈፍ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው። ቆዳውን እንደ ሹራብ አወጣችው፣ ለአራቱ እግሮች አራት ቀዳዳ ያለው። ከዚያ የተገፋውን ግልገል ይዛ አለበሰችው። የታላቅ ወንድሙን ኮት የለበሰ ሕፃን መሰለ።

"ኮቱ" አለችኝ በኦሮምኛ፤ "ነይ፣ ቀይዋን ያዥልኝ።" ልጄ ጀርባዬ ላይ ታዝላለች። ቀንዷን ያዝኩላት።

አዳዳ ግልገሉን ፊቷ አቆመችው። ቀይዋ ራሱን አሸተተች፤ ራሱ ከቆዳው ውጭ ነው። ትንፋሿን በአፍንጫዋ እፍ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። አዳዳ አልተጣደፈችም፤ ግልገሉን አዙራ ቂጡን ሰጠቻት። "ልጇን ከጅራት ሥር ነው የምታውቀው" አለች። ቀይዋ እዚያ ላይ ቆየች። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሲሰፋ ሲጠብ አያለሁ። ከዚያ ከጉሮሮዋ ሥር እስከዚያ ሰዓት ያልሰማሁት ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣች፤ ምላሷን አውጥታ ላሰችው። ቀንዷን ለቀቅኩ። ግልገሉ ሆዷ ሥር ገብቶ ጡቷን አገኘ።

ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ። ያ ሁሉ ነገር የሆነው በማሽተት ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰ ሽታ ግን የለም። ደሙም፣ ፍየሏም፣ ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጅም ለኔ አንድ ናቸው። ዐይኔ ውሃ ሞላ። ያዘንኩ አልመሰለኝም። ቀናሁ፤ ፍየል ላይ።

"ምነው?" አለችኝ አዳዳ።

"አፍንጫዬ አይሠራም።"

"እንዴት አይሠራም?"

"ምንም አይሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ።"

"ወጥስ?"

"ወጥም።"

"የልጅቷ ሽንት ጨርቅስ?"

"እሱም።"

"እሱስ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

"አዳዳ፣ የልጄን ሽታ አላውቀውም" አልኳት። "ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ አላውቀውም። ልቤም ዝም ብሏል። ስይዛት የሰው ልጅ የያዝኩ ይመስለኛል።"

እነዚህን ቃላት ጮክ ብዬ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። አዳዳ እጇን በአሸዋ አሸች፣ በጣሳ ውሃ አፈሰስኩላት።

"ቆዳውን ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚለብሰው" አለች። "ከዚያ ይበሰብሳል፣ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ያን ጊዜ ትገፋዋለች ብለሽ ነው? አትገፋውም። ወተቷን ጠጥቷላ። የሷ ወተት ሆዱ አልፎ ሲወጣ የሷን ይሸታል። አንቺ ታጠቢያለሽ አይደል?"

"አጠባለሁ።"

"እንግዲያ አንቺ ባታሸቺያት እሷ ታሸትሻለች። ለጊዜው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ካወቃችሁ ይበቃል።"

ከዚያ ሄዳ ማሽላዋን ማበጠር ያዘች። በመጨረሻው ቀናችን ቆዳውን ቆርጣ ስትጥለው ቆሜ አየሁ። ቀይዋ ግልገሉን ከጅራቱ ሥር አሸተተችው፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ልትመታው መሰለኝ። ከዚያ እግሯን አስቀመጠችና እንዲጠባ ተወችው።

ከተማ ስመለስ አዳዳ ያለችውን ልፈትሽ አሰብኩ፤ የሙያ በሽታ ነው። ቀኑን ሙሉ የለበስኩትን ነጭ ሻሽ አንድ በኩል፣ እናቴ ያሰረችውን ተመሳሳይ ነጭ ሻሽ ሌላ በኩል አድርጌ ልጄን መሐል አስተኛኋት። ወደ እኔ ሻሽ ዞረች። ቦታ ቀየርኩ። ጊዜ ወሰደባት፣ አፏን እየከፈተች ፈለገች፣ አሁንም ወደ እኔው ዞረች። በሦስተኛው ሙከራ እንቅልፍ ወሰዳትና ሙከራው ሳይጠናቀቅ ቀረ።

"ልጅቷን ምን እያደረግሻት ነው?" አለች እናቴ ከበሩ።

ነገርኳት። ስለ አፍንጫዬም ስለ ልቤም። መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "እኔስ ያ ወረቀት አስጨንቆኝ ነበር" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ ትል የነበረችው ሴት ማለዳ መምጣት ጀመረች። ሐኪሙ ያዘዘልኝን ሎሚና ቅርንፉድ እንደገና ጀመርኩ፤ ልጄንም ጨመርኩበት። በቀን ሁለቴ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የልጄ አናት። ሦስቱም ባዶ።

አምስት ወር ሲሞላት ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከእናቴ እጅ ተቀበልኳትና እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አናቷ ላይ አደረግኩ። የሚቃጠል ጎማ ሸተተኝ። የኤሌክትሪክ ገመድ መስሎኝ ቤቱን ዞርኩ፣ ማከፋፈያውን ነካሁ፣ ምድጃውን አየሁ። "የሚቃጠል ነገር የለም" አለች እናቴ። ተመልሼ አሸተትኳት። እሷ ነበረች። ሳላስበው ክንዴን ዘርግቼ አራቅኳት፤ እግሯ አየር ላይ ሲንጠለጠል ፊቷን ልታለቅስ አጨማደደች።

በዚያ ሳምንት ሽንኩርቱም፣ ሻዩም፣ የጥርስ ሳሙናውም ጎማ ሆኑ። ሐኪሙ ደስ አለው። የማሽተት ነርቮቹ እንደገና እያደጉ ነው፣ ግን መስመራቸውን ገና አላገኙም፣ ስለዚህ የተሳሳተ መልእክት ያደርሳሉ አለኝ። "ጥሩ ምልክት ነው" አለ። እኔ ለሦስት ሳምንት ያህል ትንፋሼን ይዤ አጠባኋት። የለመድኩት ባዶነት ናፈቀኝ። ባዶው ቢያንስ አይገፋኝም ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። አንድ ሙሉ ቀን ከክንዴ አላወረድኳትም። ጨርቅ አርሼ ግንባሯ ላይ አደርጋለሁ፣ ይደርቃል፣ ደግሜ አርሳለሁ። ትንፋሼን መያዝ መቼ እንደረሳሁ አላውቅም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አላባት፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ዐይኗን ገልጣ አየችኝና አፍንጫዬን ጨብጣ ሳበችው። ሳቀች። ጥርስ የሌለው ድዷ ታየ። በጎማ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ጎማው ጎማ መሆኑን አልተወም። የሚያደርገኝ ነገር ግን ተለወጠ። ይህን ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው። ከሥራ በባጃጅ እየተመለስኩ ነበር፤ ሾፌሩ አንድ ጎሚስታ ፊት ለፊት ተሳፋሪ ሊጭን ቆመ። ጎሚስታው የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ ላይ እሳት አድርጎ ይለጥፋል፤ ጥቁር ጭስ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሸፈኑ። እኔ ሁለቱም ጡቶቼ ሲወጥሩ ተሰማኝ፤ ሸሚዜን አልፎ እስኪረጥብ ድረስ ወተቴ ወረደ። ልቤ ደግሞ ዝም አላለም። ልጄን አሁኑኑ፣ በዚያች ደቂቃ፣ እፈልጋታለሁ።

"ወንድሜ፣ ሌላ ሰው አትጠብቅ፣ የሁሉንም ሒሳብ እኔ እችላለሁ፤ ሂድልኝ" አልኩት።

"ምን ሆንሽ እናት?"

"ልጄ ጠርታኝ ነው።"

የተማርኩትን አስታውሼ ነበር፤ አሚግዳላ የትኛው ሽታ ደግ እንደሆነ አስቀድማ ሁሉን አታውቅም፣ ከደስታ ጋር ደጋግሞ የመጣውን ደግ ብላ ትመዘግባለች። ይህን ለተማሪዎቼ ለብዙ ዓመት ነግሬያለሁ። ሸሚዜ ረጥቦ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ከባጃጅ ስወርድ ግን ስለ ትምህርቱ አላሰብኩም። ሮጥኩ።

ማታ እራት ላይ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት፣ ከሐርላ ጀምሬ።

"ጎማ?" አለ።

"ጎማ።"

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመና ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"እኔም ለሦስት ወር ምንም አልተሰማኝም ነበር" አለኝ። "ሳቅፋት የሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አፍንጫዬ ደግሞ ደህና ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺ ግድግዳው ላይ ሰዓት ጽፈሽ አንድ ደቂቃ ሳታሳልፊ ስትይዣት አያለሁ። እንዴት ብትወዳት ነው እላለሁ። አፈርኩ።"

ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ማንኪያ ከወለሉ ጋር ታጋጫለች። ባሌ ተነስቶ አነሳት፣ እኔ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ሎሚ ተመልሶልኛል፣ ሳሙናም፤ ሥጋ አልተመለሰም፣ ሽንኩርት አንዳንድ ቀን ይመጣል አንዳንድ ቀን ይቀራል። የጎማው ሽታ እየሳሳ ሄደና አንድ ጠዋት እንደሌለ አስተዋልኩ። ቅር አለኝ፣ ለማንም ባልናገርም። ልጄ ቀኑን ሙሉ ግቢው አሸዋ ላይ ስትንከባለል ትውላለች። ወደ አመሻሹ ስጠራት አንገቷ ሥር ትንሽ የሚኮመጥጥ የላብ ሽታ ይዛ ትመጣለች። የማንኛውም ሕፃን ላብ ነው። ገላዋን ላጥባት ውሃውን ከመቅዳቴ በፊት ትንሽ እዘገያለሁ።